ፍንዳታ ተከላካይ መብራት

ፍንዳታ ተከላካይ መብራት ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ተን ወይም ብናኝ ከአየር ጋር ሊቀላቀል በሚችልበት ቦታ ድብልቁን እንዳያቀጣጥል ተደርጎ የተሠራና የተመረመረ የመብራት ዕቃ ነው። በነዳጅ ማከማቻና ማደያ፣ በአልኮል ፋብሪካ፣ በቀለም ቅብ ክፍል፣ በቡታጋዝ መሙያና በከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ያገለግላል። ይህ መጣጥፍ በይበልጥ የሚያተኩረው እንደ ቤንዚን፣ ላምባና አልኮል ካሉ ፈሳሾች በሚወጣው ተን ላይ ነው።

መብራቱ ከመመረጡ በፊት ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፦ የተኑ ዓይነት፣ የሚጠራቀምበት ቦታና በአየሩ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ። እንደ ጎንደርና እንፍራንዝ ባሉ ከፍታ ላይ ባሉ ከተሞች አራተኛ ነገር ይጨመራል፤ እሱም የአየሩ ግፊት ነው። አብዛኛው የመብራት ሰሌዳና የነዳጅ ሠንጠረዥ የተዘጋጀው በባሕር ጠለል አቅራቢያ ላለ አየር ስለሆነ፣ ቁጥሮቹ ወደ ደጋ ሲወጡ እንዳሉ አይሠሩም።

ስያሜው

«ፍንዳታ ተከላካይ» የሚለው ስም ያሳስታል። መብራቱ ከውጭ የሚመጣ ፍንዳታን ይቋቋማል ማለት አይደለም። ትርጉሙ ፍንዳታው ከመብራቱ እንዳይጀምር የተሠራ ነው፤ በአንዳንዶቹ ዓይነቶች ደግሞ በመብራቱ ሆድ ውስጥ ፍንዳታ ቢነሳ እንኳ እሳቱ ወደ ውጭ አይወጣም።

በገበያ ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት ሌላ ነው፤ ውሃና አቧራ የማያስገባ መብራትን ከፍንዳታ ተከላካይ ጋር አንድ አድርጎ መሸጥና መግዛት። አይፒ65 ወይም አይፒ66 የሚል ጽሑፍ የሚናገረው ስለ አቧራና ስለ ውሃ ብቻ ነው። ተን ግን እንደ ዝናብ አይደለም። መብራቱ ሲበራ በውስጡ ያለው አየር ሞቆ ይሰፋና በጓርኒሲዮኑ በኩል በጥቂቱ ይወጣል፤ ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ በዙሪያው ያለውን አየር ከነተኑ መልሶ ወደ ውስጥ ይስባል። ማታ ማታ የሚበራና ጠዋት የሚጠፋ መብራት ይህን በየቀኑ ይደግመዋል። ስለዚህ በደንብ የታሸገ የሚመስል ተራ መብራት፣ ሳምንታት ቆይቶ፣ ማብሪያው ሲጫን የራሱን ሆድ ሊያፈነዳ ይችላል።

ተን እንዴት ይቀጣጠላል

ፈሳሽ ነዳጅ ሲነድ የሚታየው ነበልባል ከፈሳሹ በላይ ያለው ተን ነው። አንድ ፈሳሽ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን መስጠት የሚጀምርበት ዝቅተኛ ሙቀት የብልጭታ ነጥብ ይባላል። የቤንዚን የብልጭታ ነጥብ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ በየትኛውም ቦታና ወቅት ክዳኑ የተከፈተ ቤንዚን ተቀጣጣይ ተን ይሰጣል። ንጹሕ ኢታኖል 13 ዲግሪ ገደማ፣ 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ 26 ዲግሪ ገደማ፣ ላምባ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። ናፍጣ ከሁሉም ይበልጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከ50 ዲግሪ በላይ ነው።

ተኑ ከአየር ጋር ያለው ምጣኔም ወሳኝ ነው። ሲያንስ አይቀጣጠልም፣ ከልክ ሲያልፍም አየር ስለሚያጥረው አይቀጣጠልም። ለቤንዚን አደገኛው ምጣኔ በይዘት ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ፣ ለኢታኖል ከ3.3 እስከ 19 በመቶ ያህል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ በቤት መጠን ሲሰላ ያስደነግጣል። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ውስጥ ያለውን አየር በሙሉ ወደ ተቀጣጣይነት ለመለወጥ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ገደማ ቤንዚን ተንኖ ማለቁ ይበቃል። በተግባር ግን ያን ያህልም አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ተኑ በክፍሉ ውስጥ እኩል አይበተንም።

የቤንዚን ተን ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል፣ የኢታኖል ተን ደግሞ 1.6 እጥፍ ያህል። ሁለቱም መሬት ለመሬት ይሄዳሉ፤ በመዝጊያ ሥር ያልፋሉ፣ በቦይ ይወርዳሉ፣ በጉድጓድ ይተኛሉ። በሰው ቁመት ላይ ሽታው ቀሎ እያለ ቁርጭምጭሚት ላይ ያለው አየር ለመቀጣጠል የደረሰ ሊሆን ይችላል። ወለል ላይ የተቀመጠ ፋኖስ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው በቢራ ፋብሪካዎችና በበረዶ ቤቶች ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚዞረው አሞኒያ ከአየር ስለሚቀል ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ እዚያ አስጊው የጣሪያው መብራት ነው።

መብራት ተንን በሁለት መንገድ ያቀጣጥላል። አንደኛው ብልጭታ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ ሲነካ፣ የላላ ሽቦ ሲወዛወዝ ወይም አምፖል ሲሰበር የሚፈጠረው። የቤንዚንም ሆነ የአልኮል ተን ለመቀጣጠል ከአንድ ሚሊጁል ያነሰ ጉልበት ይበቃዋል። ሁለተኛው የጋለ ገጽታ ነው። ያለ ብልጭታ በሙቀት ብቻ የሚቀጣጠሉበት ደረጃ ለኢታኖል 363 ዲግሪ፣ ለቤንዚን 280 ዲግሪ፣ ለላምባ 210 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ መገልበጡን ልብ ይሏል፦ በብልጭታ ነጥቡ ከቤንዚን የተሻለ የሚመስለው ላምባ፣ በጋለ ብረት ፊት ከቤንዚን ይብሳል። ስለዚህ «ላምባ ነው፣ ችግር የለውም» ብሎ ባለ ትልቅ ዋት የሃሎጅን መብራት ማስጠጋት ትክክል አይደለም። ኤልኢዲ ገጽታው ከአሮጌው አምፖል የቀዘቀዘ በመሆኑ ይመረጣል፤ ሆኖም ከኋላው ያለው የኃይል መቀየሪያ ይሞቃል፣ ብልጭታም ሊሰጥ ይችላል። ኤልኢዲ መሆኑ ብቻውን ፍንዳታ ተከላካይ አያደርገውም።

የከፍታው ጉዳይ

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለፈንጂ አካባቢ ዕቃዎች ያወጣው አይኢሲ 60079 የተባለው የደረጃዎች ስብስብ፣ ዕቃዎቹ የሚሠሩበትን አየር በቁጥር ይወስናል፦ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 እስከ 60 ዲግሪ፣ ግፊቱ ከ80 እስከ 110 ኪሎፓስካል። የመብራቱ ሰሌዳ ሌላ ነገር ካልጻፈ በቀር የዕቃው የአካባቢ ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠበቃል።

የ80 ኪሎፓስካል ወሰን ከባሕር ጠለል በላይ 1,950 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከወሰኑ በታች፣ በደረጃው ውስጥ ናት። በጎንደርና በባሕር ዳር መካከል በዋናው መንገድ ላይ፣ ከጉዛራ ቤተ መንግሥት አጠገብ የምትገኘው እንፍራንዝ 1,788 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከጣና ሐይቅ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ከወሰኑ አካባቢ ትውላለች። ከ2,100 ሜትር በላይ ያለችው ጎንደር ግፊቷ 78 ኪሎፓስካል ገደማ በመሆኑ ከወሰኑ ውጭ ናት፤ አዲስ አበባም እንዲሁ በ76 ኪሎፓስካል አካባቢ። የደባርቅና የዳባት ደጋማ ቦታዎች ከዚህም ይርቃሉ።

ይህ ማለት በጎንደር የሚሰቀል ፍንዳታ ተከላካይ መብራት ሁሉ አደገኛ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም በአንድ በኩል ይጠቅማል፦ ስስ አየር ውስጥ የሚነሳ ፍንዳታ ግፊቱ ስለሚያንስ የመብራቱ ብረት ቤት በቀላሉ ይቋቋመዋል። ጉዳቱ በሙቀትና በኤሌክትሪክ በኩል ነው። ስስ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ደካማ በመሆኑ የአካባቢው ሙቀት እኩል ከሆነ ያው መብራት በጎንደር ከባሕር ጠለል ይልቅ ይግላል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ነጥቦችን የሚለየው የአየር ክፍተትም ብልጭታን የመከልከል ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ገዢው ለአምራቹ የሚያቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ «ይህ ዕቃ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ተመስክሮለታል?» መልሱ በጽሑፍ መሆን አለበት።

ከመብራቱ በላይ የሚለወጠው ግን ነዳጁ ነው። በሠንጠረዥ የሚገኘው የብልጭታ ነጥብ በ101.3 ኪሎፓስካል የተለካ ነው። ግፊቱ በአንድ ኪሎፓስካል ሲቀንስ ነጥቡ በሩብ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ ለጎንደር ይህ ወደ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። 38 ዲግሪ የተባለው ላምባ በጎንደር በ32 ዲግሪ አካባቢ ተቀጣጣይ ተን ይሰጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ጀሪካን ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ በርሜል እዚህ ሙቀት ላይ በቀላሉ ይደርሳል። 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ ደግሞ ከ26 ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል፤ ይህም ተራ የቀን የቤት ሙቀት ነው። ከዚህም ሌላ ስስ አየርን ወደ አደገኛው ምጣኔ ለማድረስ የሚያስፈልገው ነዳጅ በክብደት ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል።

ታሪክ

ለእሳት ተጋላጭ ቦታ የሚሆን መብራት የመጀመሪያዎቹ ፈላጊዎች የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1812 በሰሜን እንግሊዝ ፌሊንግ በተባለ ጉድጓድ በተነሳ ፍንዳታ 92 ሰዎች ሞቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ነበልባሉን በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት የከበበ ፋኖስ ሠራ፤ በዚያው ዓመት የባቡር መሐንዲሱ ጆርጅ ስቲቨንሰንም ተመሳሳይ መብራት አቅርቦ ነበር። የወንፊቱ ምስጢር ቀላል ነው። ጋዙ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊነድ ይችላል፤ ነገር ግን እሳቱ በወንፊቱ ቀዳዳ ሊወጣ ሲል ብረቱ ሙቀቱን ስለሚነጥቀው ይከስማል። የዛሬው ወፍራም ብረት ለበስ መብራት የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው።

የዴቪ መብራት የታሰበውን ያህል ሞትን አልቀነሰም። ባለቤቶቹ መብራቱን ተማምነው ቀድሞ በጋዝ ምክንያት የተተዉ ክፍሎችን አስከፈቱ፣ የአየር ማናፈሻውንም ችላ አሉ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1913 በዌልስ ሴንገኒድ ጉድጓድ 439 ማዕድን ቆፋሪዎች አለቁ፤ ከተጠረጠሩት መነሻዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ደወል ብልጭታ ነበር። በዚያ ዘመን በደወሎቹ ላይ የተደረገው ምርምር፣ ቢሰበርም ቢላላም ጋዝ ለማቀጣጠል የሚበቃ ጉልበት የማይኖረው የኤሌክትሪክ መስመር እንዲነደፍ መንገድ ከፈተ።

የአደገኛ አካባቢ ክፍፍል

መብራት ከመመረጡ በፊት ቦታው በካርታ ይከፋፈላል። ተቀጣጣይ ድብልቅ ሁልጊዜ ወይም ለረጅም ጊዜ የሚገኝበት ዞን 0፣ በመደበኛ ሥራ ላይ አልፎ አልፎ የሚገኝበት ዞን 1፣ ብልሽት ካልደረሰ በቀር የማይገኝበትና ቢገኝም ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚቆይበት ዞን 2 ይባላል። አሜሪካውያን በቆየው ልማዳቸው ክፍል አንድ ዲቪዥን 1 እና ዲቪዥን 2 እያሉ ይጠሩታል።

በመንገድ ዳር ያለ የነዳጅ ማደያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የመሬት ውስጥ ታንከሩ ሆድ ዞን 0 ነው። የታንከሩ አፍ ያለበት ጉድጓድና የማደያ መሣሪያው ውስጠኛ ክፍል ዞን 1 ናቸው። በአሜሪካው የማደያ ደንብ መሠረት ከመሣሪያው ዙሪያ እስከ ስድስት ሜትር ድረስ፣ ከመሬት እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ስስ ንጣፍ ዲቪዥን 2 ሆኖ ይቆጠራል። ሰፊ ግን ዝቅ ያለ መሆኑ የቤንዚን ተን መሬት ለመሬት እንደሚሄድ ያሳያል።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት ብዙዎችን ያስገርማል። ከፍ ብሎ በተሠራው የማደያ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው መብራት ብዙ ጊዜ ከአደገኛው ክልል ውጭ ስለሚሆን ጥሩ ተራ መብራት ሊበቃ ይችላል። በተቃራኒው በመሣሪያው ሥር ለውበት የሚዘረጋ የኤልኢዲ ገመድ፣ የጉድጓዱን ክዳን ከፍቶ በእጅ ባትሪ ማየት ወይም ቦቴ ሲያራግፍ አጠገቡ የሚቆም ጊዜያዊ መብራት በቀጥታ አደገኛው ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ብዙ ገንዘብ በጣሪያው መብራት ላይ ፈስሶ የጉድጓዱ የእጅ ባትሪ መረሳቱ የተለመደ ነው።

አካባቢውን በአየር ማናፈሻ፣ ክዳን በመግጠም ወይም ፍሳሽን በመጠገን ወደ ቀለለ ዞን ማውረድ ከተቻለ፣ ውድ መብራት ከመግዛት ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው መብራቱን ከክፍሉ ማውጣት ነው፦ ከውጭ ተሰቅሎ፣ በማይከፈትና ዳርቻው በተመረገ መስተዋት በኩል ወደ ውስጥ እንዲያበራ ማድረግ። ይህ የቆየ ዘዴ ነው፤ ወጪውም የአንድ መስኮት ነው።

የመከላከያ ዓይነቶች

መብራት ሠሪዎች የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች በፊደል ይለያሉ። «ዲ» ማለት ወፍራም የብረት ቤት ነው፤ በውስጡ የሚነሳው ፍንዳታ በጠባብና ረጅም መጋጠሚያ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። «ኢ» ማለት ከመነሻው ብልጭታና ከልክ ያለፈ ሙቀት እንዳይፈጠር ሽቦውና መያዣው ተጠናክሮ የተሠራ ነው። «አይ» ማለት ጉልበቱ ከማቀጣጠያ ልክ በታች የተገደበ ነው፤ ለእጅ ባትሪ ይመቻል፣ ለትልቅ አዳራሽ መብራት ግን ኃይሉ አይበቃም። «ኤም» ብልጭታ ሊሰጥ የሚችለውን ክፍል በሙጫ መሰል ነገር ውስጥ መቅበር ሲሆን በኤልኢዲ መብራቶች ዘንድ ተዘውትሯል። «ፒ» በመብራቱ ቤት ውስጥ ንጹሕ አየር በግፊት እየነፉ ተኑን ማራቅ ነው።

ጋዞችም በሦስት ቡድን ይመደባሉ። ፕሮፔንና ቤንዚን በ2ኤ፣ ኢታይሊን በ2ቢ፣ ሃይድሮጅንና አሲታይሊን በ2ሲ። ኢታኖል በቀድሞ ሠንጠረዦች በ2ኤ ሲመደብ አዲሶቹ 2ቢ ውስጥ አስገብተውታል፤ ስለዚህ ለአልኮል ማከማቻ 2ቢ የሚል መብራት መምረጥ ከክርክር ያድናል። ልዩነቱ እሳቱ በምን ያህል ጠባብ ክፍተት ማለፍ መቻሉ ነው፦ ለ2ኤ ከ0.9 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ለ2ሲ ከ0.5 በታች። በጋራዥ ውስጥ ካርቦይድ አሲታይሊን የሚያመነጭ መበየጃ ካለ፣ ለቤንዚን የተገዛው መብራት አይበቃም።

የሙቀት ክፍሉ ከቲ1 እስከ ቲ6 ነው፦ የመብራቱ ገጽታ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ሙቀት 450፣ 300፣ 200፣ 135፣ 100 እና 85 ዲግሪ በቅደም ተከተል። ለቤንዚንና ለላምባ ቲ3 ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ምርጫ ነው። ላምባ በ210 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀጣጠል የቲ3 ትርፍ ጠባብ ነው፤ ደጋ ላይ ዕቃው ይበልጥ እንደሚግል ሲታሰብ ቲ4 መምረጥ ያስተማምናል። የዋጋ ልዩነቱ በኤልኢዲ ዘመን ብዙም አይደለም።

ሰሌዳውን ማንበብ

በመብራቱ ላይ በስድስት ማዕዘን ውስጥ «ኢ.ኤክስ» የሚል ምልክት ይቀረጻል። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ለምሳሌ «ዲቢ 2ቢ ቲ4 ጂቢ» ከሆነ፣ እንዲህ ይነበባል፦ ብረት ለበስ መከላከያ፣ እስከ 2ቢ ላሉ ጋዞች፣ ገጽታው ከ135 ዲግሪ የማያልፍ፣ ለዞን 1 የሚሆን። የመጨረሻው ምልክት «ጂኤ» ከሆነ ለዞን 0፣ «ጂሲ» ከሆነ ለዞን 2 ብቻ ነው። ቁጥሩ በሮማ አኃዝ ስለሚጻፍ ሁለት ቋሚ መስመሮች ሆኖ ይታያል። ሰሌዳው ላይ የምስክር ወረቀት ቁጥርና የአካባቢ ሙቀት ወሰን መኖር አለበት። «ፍንዳታ ተከላካይ» የሚል ቃል ብቻ ኖሮ ቁጥር ከሌለ፣ ዕቃው ምንም ያህል ከባድና ወፍራም ቢሆን አልተመሰከረለትም ማለት ነው።

አረቄ ማውጫና ማከማቻ ቤቶች

በጎንደር ዙሪያና በሌሎችም የአማራ ክልል አካባቢዎች አረቄ በቤት ውስጥ ይወጣል፤ ሥራውን በብዛት የሚይዙት ሴቶች ናቸው። ከጌሾ፣ ከብቅልና ከዳጉሳ ወይም ከሌላ እህል የተዘጋጀው ድፍድፍ በማሰሮ ተጥዶ ይፈላል፤ ተኑ በሸምበቆ ወይም በብረት ቧንቧ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተነከረ ዕቃ ይጠራቀማል። መጋጠሚያው በሊጥ ወይም በጭቃ ይመረጋል። ንጹሕ አልኮል በባሕር ጠለል በ78 ዲግሪ ሲፈላ በጎንደር በ72 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ እሳቱ ከመጠን ካለፈ ወይም ውሃው ከሞቀ ሳይቀዘቅዝ የሚያመልጠው ተን ይበዛል። ምርጊቱ ሲሰነጠቅም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ስለ መብራት የሚሰጠው ምክር ከፋብሪካ ይለያል። ምድጃ በሚነድበት ክፍል ውስጥ በውድ ዋጋ የተገዛ ፍንዳታ ተከላካይ መብራት መስቀል ትርጉም የለውም፤ ማቀጣጠያው ወለሉ ላይ እየነደደ ነው። መለየት ያለበት ቦታ ነው። የወጣው አረቄ የሚገለበጥበት፣ የሚለካበትና በጀሪካን የሚቀመጥበት ክፍል ከምድጃው በግድግዳና በበር ከተለየ፣ መብራት የመምረጥ ጥያቄ የሚነሳው በዚያ ክፍል ነው። ዳግም አረቄ በጎንደር ቀን ሙቀት ከብልጭታ ነጥቡ በላይ እንደሚሆን ከላይ ታይቷል። ስለዚህ መቅጃው ሞልቷል አልሞላም ለማየት ኩራዝ ወይም ሻማ ማስጠጋት፣ አካሄዱ የቱንም ያህል የቆየ ልማድ ቢሆን፣ በትክክል ተኑ ባለበት ቦታ እሳት ማስገባት ነው። የአረቄ ነበልባል በቀን ብርሃን ደብዛዛ ሰማያዊ ስለሆነ፣ ልብስ ላይ እስኪደርስ ላይታይ ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነት ቤት የሚሆነው በርካሽ የሚገኝ ነው፦ ሥራውን በቀን ማድረግ፣ ከወለሉ አጠገብ የአየር መውጫ ቀዳዳ መተው፣ ማታ ግድ ከሆነ ደግሞ የሶላር መብራቱን ውጭ አብርቶ በመስተዋት በኩል ማስገባት። ማብሪያ ማጥፊያው ከክፍሉ ውጭ ይሁን።

በፋብሪካ ደረጃ ነገሩ ሰፋ ይላል። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሚሸጠው ቤንዚን 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ስትጀምር ኢታኖሉ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ይቀርብ ነበር። ኢታኖል በብዛት በሚጠራቀምበት እንዲህ ባለ ቦታ የታንከርና የፓምፕ ክፍል መብራት በዞን ካርታ መሠረት ይመረጣል።

መብራት ሲጠፋ

በአማርኛ «መብራት» የሚለው ቃል ለአምፖሉም ለኤሌክትሪክ ኃይሉም ያገለግላል፤ አደጋው የሚበረታውም ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠፉ ነው። በሚገባ የተተከለ መብራት ያለው የነዳጅ መጋዘን ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ወደ ክብሪት፣ ሻማና ኩራዝ የሚመለስ ከሆነ የተተከለው መብራት ምንም አልጠበቀም። ስለዚህ የአደጋ ጊዜ መብራትና ቢያንስ አንድ የተመሰከረለት የእጅ ባትሪ የምርጫው አካል ናቸው፤ ተጨማሪ ዕቃ ተደርገው መታየት የለባቸውም። የእጅ ባትሪው ውጭ ይበራል፣ ውጭ ይጠፋል፤ ባትሪውም ውስጥ አይቀየርም።

ስለ ስልክ መብራት ሁለት ጫፍ የያዘ አስተያየት ይሰማል። ስልክ ከሻማ ጋር ሲነጻጸር አደጋው በእጅጉ ያነሰ ነው። ሆኖም ለተቀጣጣይ ተን አልተመረመረም፤ ሲወድቅ ባትሪው ሊጎዳና ሊግል ስለሚችል በዞን 0 እና በዞን 1 አይፈቀድም። ቤንዚን በጀሪካን በቤት የሚያስቀምጥ ሰው ሽታ ከተሰማው ግን የትኛውንም መብራት ከመፈለጉ በፊት በርና መስኮት መክፈትና መውጣት ይቀድማል። ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያም መንካት የለበትም።

ተከላና ጥገና

ትክክለኛ መብራት በተሳሳተ ተከላ ይበላሻል። የኬብሉ መግቢያ ግላንድ ለመብራቱ ዓይነት የተመሰከረለት መሆን አለበት፤ የማይሠራበት ቀዳዳ በተመሰከረለት መድፈኛ ይዘጋል። ብረት ለበሱ መብራት ላይ የጎደለ አንድ ብሎን ሙሉውን መከላከያ ያፈርሳል። መጋጠሚያውን በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ፣ ቀለም መቀባት ወይም ሲሊኮን መሙላት ክልክል ነው፤ እሳቱን የሚያቀዘቅዘው ያ ክፍተት ነው። መስተዋቱ ሲሰነጠቅ በመስኮት መስተዋት አይተካም። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ኃይሉ ይቋረጣል፣ ሰሌዳው የሚያዘው የመቀዝቀዣ ጊዜ ካለም ይጠበቃል። በክረምት እርጥበት፣ በበጋ የጤፍና የገለባ አቧራ መብራቱ ላይ ሲከማች ሙቀቱን ስለሚያፍን ማጽዳት ከጥገናው ይቆጠራል፤ በደረቅ ጨርቅ ፕላስቲክ ክዳን መፈግፈግ የስታቲክ ብልጭታ ስለሚፈጥር ጨርቁ እርጥብ ይሁን።

ሕግና ማረጋገጫ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታን በአሠሪው ላይ ይጥላል። የነዳጅ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ብሔራዊ ደረጃዎችን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አቴክስ የተባለው መመሪያ በፈንጂ አካባቢ የሚገቡ ዕቃዎችን ያስተዳድራል። በአይኢሲ ሥርዓት የተሰጡ የምስክር ወረቀቶች በበይነ መረብ ለሁሉም ክፍት በሆነ ማኅደር ስለሚገኙ፣ ገዢው በሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር አስገብቶ የዕቃውን ስም፣ የአምራቹን ማንነትና የሙቀት ወሰኑን ማመሳከር ይችላል። ከቁጥሩ መጨረሻ «ኤክስ» የምትል ፊደል ካለች ዕቃው ልዩ የአጠቃቀም ሁኔታ አለው፤ ሁኔታው ከምስክር ወረቀቱ ይነበባል፣ የከፍታና የግፊት ገደብ ካለም የሚገኘው እዚያው ነው። «ዩ» የምትል ፊደል ካለች ደግሞ የተመሰከረለት ክፍሉ ብቻ ነው፤ ለብቻው እንደ ሙሉ መብራት አይተከልም።